የመቀነስ ሒሳብ

ሃያ ሁለት ዓመት ሰኞ ገበያ ወፍጮ ቤት ቆሜ፣
ማሽላና ጤፍ ሳደቅቅ፣ ሞተሩ ሲያጓራ እስከ ሕልሜ፣
ጆሮዬ አብሮ ተፈጨ።
ዱቄቱን ባለቤቱ ወሰደ፤ ብናኙ እኔ ላይ ተረጨ።

"ትልቅ ድምፅ ለደከመ ጆሮ ምርኩዝ ነው" አልኩና
ከኮምቦልቻ አስጭኜ መጣሁ፣ በሐረጎ ጠመዝማዛ ጎዳና፦
ሣጥን የሚያህል አምፕሊፋየር፣ ኢኳላይዘር ባለ አሥር ጥርስ፣
አራት ስፒከር፣ አንድ ቤዝም፣ ወለሉን እንደ በሬ የሚያርስ።
ሽቦው ከምንጣፉ ሥር እንደ ሐረግ ተጠላለፈ፤
ዘምዘም ቤት ስትጠርግ ስንቴ እግሯን አደናቀፈ።

ጎረቤት ሊሰማ መጣ፤ "ማሻ አላህ!" አለ ሁሉም ሰው፤
መስኮቱ ነበር የሚጨፍረው፣ ብርጭቆው የሚያጨበጭበው።

እኔ ግን አንድ ካሴት ነበረኝ፣ ጎኑ የተሰነጠቀ፣
የአክስቴ የሰዓዳ መንዙማ፣ ወረባቦ በመውሊድ ሌሊት የፈለቀ።
በዚያ ሁሉ ዕቃ ከፈትኩት። ድቤው ቤቱን አፈረሰ፤
ሽሽታው ከኋላ፣ ገደል ማሚቶው ከፊት፣ አንዱ አንዱን ለበሰ።
ጥርሱን ከፍ፣ ጥርሱን ዝቅ፣ ድምፁን በሚዶ አበጠርኩት፤
ጸጉሯን ያገኘሁ መሰለኝ፣ ፊቷን ግን አላየሁት።

ይመርን ጠራሁት፣ ቧንቧ ውሃ ሬዲዮ የሚጠግነውን፣
በአንድ ዓይኑ ብየዳውን የሚያይ፣ በሌላው ደንበኛውን።
"ምን ልጨምር?" አልኩት። "ሌላ ማጣሪያ? ወይስ ወፍራም ሽቦ?"
ዝም ብሎ ተንበረከከ፣ አምፑሉን ወደ ታች ስቦ።
"ውሃ ከጣሳ ጣሳ ሲገለበጥ በየጣሳው ትንሽ ይቀራል፤
ዝገቱ ግን አብሮ ይወርዳል፤ የመጨረሻው ጠጪ ምን ይቀምሳል?"

ቤዙን ነቀለ፤ ወለሉ ተነፈሰ።
ስፒከሮቹን ነቀለ፤ ግድግዳው ወደ ቦታው ተመለሰ።
ኢኳላይዘሩ ጋ ሲደርስ እጁን ያዝኩት።
"አሥራ ሁለት ሺህ ብር ነው!" አልኩት።
"አውቃለሁ" አለ፣
"ከሁሉ ጎልቶ ሲጮኽ የነበረው ዋጋው ነው።"

ከዚያም ከሱቁ ያመጣትን፣ ሆዷ በወረቀት የተጣፈ፣
አንዲት ስፒከር መስኮት ሥር አኖረ፤ አንድ ሽቦ ብቻ አሳለፈ።

አክስቴ ትንፋሽ ሳበች።
ገና ከመጀመሯ በፊት።
ምራቋን ስትውጥ ሰማሁ።
ሩቅ፣ ከቆላው በኩል፣ ውሻ ጮኸ።
አንዲት ሴት በሹክሹክታ "ሻሼን አቀብይኝ" አለች፣
ሌላዋ ሳቀች፣
ከዚያ በኋላ ነው ድቤው የመጣው፣
እንደ እንግዳ፣ በሩን አንኳኩቶ።

"ሦስት መቶ ብር" አለ ይመር ሲወጣ። "ምን ጨመርክልኝ?" ብለው፣
"የመቀነስ ሒሳብ ነው" አለኝ፣ "ከመጨመር የሚከብደው።"

አልዋሽም ግን። የእህቴ ልጅ ነጂብ፣ ተማሪ ነኝ ባይ፣
"አጎቴ፣ ይኼማ ይፈተን!" አለ፤ ሁለቱንም አቆመ ጎን ለጎን፣ አንሶላ ጋረደ ከላይ።
"የቱ ነው የሚጫወተው?" አምስት ጊዜ ጠየቀኝ።
ሦስቱን አወቅኩ፣ ሁለቱን ሳትኩ፤ ላብ አጠመቀኝ።
ዘምዘም ከበሩ ቆማ አምስቱንም አንድ በአንድ ተናገረች፤
"በምን አወቅሽ?" ብንላት፣ መጥረጊያዋን ተደግፋ፦

"እኔ መቼ ድምፁን ሰማሁ? አንተን ነበር የማይህ።
በትልቁ ጊዜ ቁልፍ ፍለጋ ይዞራል እጅህ፤
በትንሿ ጊዜ
ጭንህ ላይ ይተኛል።"

እንግዲህ ድምፁ ይሁን የጠራው ወይ እኔ፣
እስከ ዛሬ አልለየሁም በዚህ ዕድሜዬ።
ጦሳን ጉም ሲሸፍነው፣ ማታ ወፍጮው ሲቆም፣
አክስቴ ትንፋሽ ትስባለች፣ እኔም አልቸኩልም።

ኢኳላይዘሩ የወፍጮ ቤቱን በር ይደግፋል፤
አሥሩም ጥርሱ መሐል ዱቄት ገብቷል።
ደንበኛ "ምንድን ነው?" ሲለኝ
"ሚዶ ነው" እላለሁ፤
"ለራሰ በራ የተሸጠ።"